የጥርስ መሙያ ማቴሪያል አመራረጥ፦ ቁጥሮቹን ከማንበብ እስከ ክሊኒክ ውስጥ ፍተሻ

ስለ ጥርስ መሙያ ሲወራ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ነው ጠንካራው?» የሚል ነው። ተማሪዎች ይጠይቁታል። ጥርስ ሊያስሞሉ የመጡ ታካሚዎችም ይጠይቁታል። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ጠንካራ ለምኑ? ሲጫኑት? ሲያጎብጡት? ሲፈገፍጉት? ትኩስ ቡና ጠጥተው በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደግሙበት? አንዱን ፈተና በቀላሉ የሚያልፍ ማቴሪያል ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህ መመሪያ ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ጥርሱን ሊያስሞላ ያሰበ ሰውም ሊከታተለው ይችላል። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልበል። ከማቴሪያሉ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘ ነው። አፍ ውስጥ የምታገኙትን ቁጥር የሚወስነው ማቴሪያሉን የሚያደርቀው የመብራታችሁ ጉልበት፣ የቅልቅላችሁ ልክና የቦታው ድርቀት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብም፣ ቁጥሩን እውን ማድረግም ሥራችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ከወረቀቱ በፊት አፉን እዩ

መንጋጋ ጥርስ ላይ አንድ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲነክስ ጭነቱ ከ400 እስከ 800 ኒውተን ሊደርስ ይችላል። 500 ኒውተን ማለት 50 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው። የፊት ጥርስ ላይ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ደግሞ ይህ ጭነት ጥርሱ ላይ እኩል አይሰራጭም። የሚያርፈው ጥቂት ትንንሽ ነጥቦች ላይ ነው።

ስለዚህ ጥርሱን ከመቦርቦራችሁ በፊት ባለቀለሙን የንክሻ ወረቀት አስነክሱና ነጥቦቹ የት እንዳረፉ እዩ። ነጥቡ የሚያርፈው በሙሌቱና በጥርሱ መገናኛ ላይ ከሆነ፣ ከተቻለ የጉድጓዱን ጠርዝ ከዚያ ቦታ አሽሹት። ታካሚው ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል? ጥርሶቹ ላይ ጠፍጣፋ የተፈገፈጉ ቦታዎች ይታያሉ? ቆሎ ያዘወትራል? የጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ ድድ ስር ገብቷል? ማድረቅ ይቻላል? እነዚህን ሳትመልሱ የማቴሪያል ካታሎግ መግለጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 2፦ የጥርሱን የራሱን ቁጥሮች ያዙ

የምትተኩት ጥርስ ስለሆነ መለኪያችሁም ጥርስ ነው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ሲጨመቅ 384 ሜጋፓስካል ገደማ ይችላል፤ አንድ ሜጋፓስካል በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ኒውተን ነው። ከኢናሜል ስር ያለው ዴንቲን ደግሞ 297 ገደማ ይችላል። ልዩነቱ ብዙ አይመስልም። ትልቁ ልዩነት ግትርነታቸው ላይ ነው። ኢላስቲክ ሞዱለስ የሚባለው የግትርነት መለኪያ ለኢናሜል ከ80 ጊጋፓስካል በላይ ሲሆን ለዴንቲን 18 አካባቢ ነው። ኢናሜል ግትርና ተሰባሪ ነው። ዴንቲን ከስሩ ሆኖ ትንሽ እየተለጠጠ ጭነቱን ይቀበልለታል። ዴንቲኑ የተበላበት ኢናሜል ብቻውን ሲቆም በቀላሉ የሚሰበረው ለዚህ ነው።

ሙቀት ላይ ደግሞ፣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ኢናሜል 11.4፣ ዴንቲን 8.3 የሚሊዮን ክፍል ያህል ይሰፋል ወይም ይጠባል። እነዚህን ቁጥሮች ማስታወሻችሁ ላይ ጻፏቸው። ደረጃ 5 ላይ እንሠራባቸዋለን።

ደረጃ 3፦ «ጥንካሬ» የሚለውን ቃል ከፋፍላችሁ አንብቡ

ወረቀቱ ላይ «ጥንካሬ 400 ሜጋፓስካል» የሚል ካያችሁ ወዲያው መጠየቅ ያለባችሁ «የምን ጥንካሬ?» ብላችሁ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ሲጨመቅ፣ ሲሳብና ሲጎብጥ።

አማልጋምን፣ ማለትም ከሜርኩሪና ከሌሎች ብረቶች የሚሠራውን ብርማ መሙያ፣ ውሰዱ። መዳብ የበዛበት አማልጋም ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የመጨመቅ ጥንካሬው ከ400 ሜጋፓስካል ያልፋል። ይህ ከኢናሜልም ይበልጣል። ሲሳብ ግን 50 አካባቢ ላይ ይበጠሳል። አማልጋም እንደ ብርጭቆ ነው፤ ከላይ ብትጫኑት ይችላል፣ ጠርዙን ብታሳሱት ግን ይሸረፋል። የአማልጋም ጠርዝ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ መሆን አለበት የሚባለው ለወግ አይደለም። ከዚህ ቁጥር የመጣ ነው።

በመብራት የሚደርቀው፣ የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ ኮምፖዚት ይባላል፤ እሱ ላይ ዋናው ቁጥር የመጎበጥ ጥንካሬ ነው። አይ ኤስ ኦ 4049 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ የሚያኝክ ገጽ ላይ የሚሠራ ኮምፖዚት ቢያንስ 80 ሜጋፓስካል እንዲያመጣ ይጠይቃል። አሞካከሩን ማወቅ ቁጥሩን ለመረዳት ይረዳል። 25 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 2 በ2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ይሠራል። በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ 20 ሚሊሜትር በሚራራቁ ሁለት ደጋፊዎች ላይ ይጋደምና መሐሉ እስኪሰበር ይጫናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሰበረውን ኃይል በደጋፊዎቹ ርቀትና በ3 አባዙ። ውጤቱን ለ2፣ ለዘንጉ ስፋትና ለውፍረቱ ስኩዌር ብዜት አካፍሉ። ዘንጉ በ25 ኒውተን ከተሰበረ 3 × 25 × 20 ሲባዛ 1500 ይመጣል። 2 × 2 × 4 ደግሞ 16 ነው። 1500 ለ16 ሲካፈል 93.75 ሜጋፓስካል። አልፏል ማለት ነው።

አሁን ውፍረቱን ከ2 ወደ 1 ሚሊሜትር አውርዱትና ያው ማቴሪያል በስንት ኒውተን እንደሚሰበር አስሉ። መልሱ 6.25 ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚሸከመው ጭነት ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እመርጥላችኋለሁ። በጣም ውድ የሆነው ኮምፖዚት አንድ ሚሊሜትር ላይ ሳስቶ ከተቀመጠ፣ ርካሹ ሁለት ሚሊሜትር ላይ ሆኖ ይበልጠዋል። የሚያኝክ ገጽ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ንክሻውን ስታስተካክሉም ሙሌቱን ብቻ ከላይ እየፋቃችሁ አታሳሱት።

ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ግላስ አዮኖመር ላይ የራሱ የጥራት ደረጃ የሚጠይቀው ለመሙያነት የሚሆነው ቢያንስ 100 ሜጋፓስካል የመጨመቅ ጥንካሬ እንዲኖረው ነው። የመጎበጥ ጥንካሬው ግን ከጥሩ ኮምፖዚት በብዙ ያንሳል። በመንጋጋ ጥርስ ላይ ሁለትና ሦስት ገጽ ለያዘ ትልቅ ጉድጓድ ቋሚ መሙያ አድርጋችሁ አትመኩበት።

ደረጃ 4፦ ግትርነትና ፍግፈጋ

ግትርነት እንደ ቦታው ጥሩም መጥፎም ይሆናል። የሚያኝክ ገጽ ላይ ኢላስቲክ ሞዱለሱ ወደ ዴንቲን የሚጠጋ ኮምፖዚት ፈልጉ። በጣም ልል የሆነ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ፈሳሽ ኮምፖዚቶች፣ ጭነት ሲያርፍበት ይለጠጥና ዙሪያው ያለውን ጥርስ ያለ ድጋፍ ይተወዋል። በድድ አጠገብ፣ በጥርሱ አንገት ላይ ላለ ቀዳዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰው ሲያኝክ ጥርስ በአንገቱ በኩል በጥቂቱ ይተጣጠፋል። እዚያ ላይ ግትር ሙሌት ከጥርሱ ጋር አብሮ ስለማይታጠፍ ሊነቀል ይችላል። ልል ያለ ኮምፖዚት ወይም ሬዚን የተጨመረበት ግላስ አዮኖመር እዚያ የተሻለ ይሆናል።

የገጽ ጥንካሬን በተመለከተ፣ ኑፕ በተባለው የገጽ ጥንካሬ መለኪያ ኢናሜል 343፣ ዴንቲን 68፣ አማልጋም 110፣ ፖርሰሊን 460 አካባቢ ናቸው። ፖርሰሊን ከኢናሜል ስለሚበልጥ ሸካራ ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ ይፈገፍጋል። ክራውን (ጥርስን የሚሸፍን አክሊል) የሚሠራበት ዚርኮኒያ የተባለው ሴራሚክ ከዚህም በላይ ጠንካራ ነው። ቢሆንም በደንብ የተወለወለ ዚርኮኒያ ተቃራኒውን ጥርስ ብዙ አይጎዳም። ጎጂው ንክሻ ለማስተካከል ተፍቆ ሳይወለወል የቀረው ነው። ክራውን ሰጥታችሁ ከፋቃችሁት ሳትወለውሉ ታካሚውን አታሰናብቱት።

ደረጃ 5፦ ሙቀቱንና መኮማተሩን አስሉ

በአንድ ዲግሪ ለውጥ ግላስ አዮኖመር ከ10 እስከ 11 የሚሊዮን ክፍል ይሰፋል። ከጥርስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አማልጋም 25 ነው። ኮምፖዚት እንደ ዓይነቱ ከ25 ተነስቶ ከ40 ሊያልፍ ይችላል።

5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሙሌት አስቡ። የኮምፖዚቱን ቁጥር 40 እንበለው። በአፍ ውስጥ የ30 ዲግሪ ለውጥ ቢመጣ ኮምፖዚቱ 6 ማይክሮሜትር ይንቀሳቀሳል። በዚያው ስፋት ኢናሜሉ 1.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ4 ማይክሮሜትር ይበልጣል። ባክቴሪያ ደግሞ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እርግጥ አጭር ጉንጭ ቡና ሙሌቱን ሙሉ 30 ዲግሪ አያሞቀውም። ግን ይህ እንቅስቃሴ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለዓመታት ይደጋገማል። ማጣበቂያው ደካማ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል።

መኮማተርም አለ። ኮምፖዚት በመብራት ሲደርቅ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። ከግድግዳዎቹ ጋር ተጣብቆ ሳለ ስለሚኮማተር ግድግዳዎቹን ወደ ራሱ ይስባል። ከጥርሱ የተጣበቀው ገጽ ከነጻው ገጽ ሲበዛ ውጥረቱ ይብሳል። በመንጋጋ መሐል ያለ ሳጥን መሰል ጉድጓድ አምስት የተጣበቀ ገጽና አንድ ነጻ ገጽ አለው። የከፋው እሱ ነው። መፍትሔው በአንዴ መሙላትን ትቶ ከ2 ሚሊሜትር ያልበለጡ ሰያፍ ንብርብሮችን መጠቀም ነው። አንዱ ንብርብር ሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎችን ባንድ ላይ እንዳይነካ አድርጉ። ከሞላ በኋላ ሲነክስ የሚያመው ታካሚ ካለ፣ አንዱ ልትጠረጥሩት የሚገባ ነገር ይህ ውጥረት ነው።

ደረጃ 6፦ መብራታችሁን ራሳችሁ ፈትሹ

የኮምፖዚቱ ወረቀት ለምሳሌ 120 ሜጋፓስካል ቢል፣ ይህ የሚመጣው ኮምፖዚቱ በሙሉ ከደረቀ ብቻ ነው። ከላይ ጠንካራ፣ ከስር ልል የሆነ ሙሌት ስትነኩት ጥሩ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ፍተሻ እያንዳንዱ ክሊኒክ በየጊዜው ቢያደርገው እወዳለሁ። ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት አግኙ። መርካቶም ሆነ በአካባቢያችሁ ብረት የሚሠራ ቤት መሐሉ ላይ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይቦርቦርላችሁ። የቀዳዳው ውስጥ ለስላሳ ይሁን። ብረቱን ከታች ግልጽ ፕላስቲክ ባለበት መስታወት ላይ አስቀምጡ። ቀዳዳውን በኮምፖዚት ሙሉትና ከላይ ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ትርፉ እንዲወጣ ተጫኑት። አረፋ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

የመብራቱን ጫፍ ፕላስቲኩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉና አምራቹ ያዘዘውን ያህል አብሩ፤ ብዙውን ጊዜ 20 ሰከንድ ነው። ወዲያው ኮምፖዚቱን ገፍታችሁ አውጡት። ከስር በኩል ያልደረቀውን ለስላሳ ክፍል በፕላስቲክ ስፓቱላ ጠርጋችሁ አንሱ። በብረት መሣሪያ አትጥረጉ፣ የደረቀውንም ይፍቃል። የቀረውን ጠንካራ ቁራጭ በካሊፐር ለኩትና ለሁለት አካፍሉ። 4.4 ሚሊሜትር ከሆነ ጥልቀታችሁ 2.2 ነው። ለሁለት የሚካፈለው የታችኛው ግማሽ ስፓቱላን ቢቋቋምም በበቂ ስላልደረቀ ነው። ውጤቱ ከ1.5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አይ ኤስ ኦ 4049ን አያሟላም።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የመብራቱን ጫፍ እዩ። የተጋገረ ኮምፖዚት ተለጥፎበት ይሆናል። ባትሪውንም እዩ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ባትሪው ሙሉ ሳይሞላ ሥራ መጀመር የተለመደ ነው። ብዙዎቹ መብራቶች ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡት ካምፎርኩዊኖን የተባለው የኮምፖዚቱ አቀጣጣይ 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አብልጦ ስለሚወስድ ነው። ነጭ ብርሃን ወይም የስልክ መብራት አይተካውም።

ብርሃንን በጊዜ ማባዛት ልመዱ። 1000 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር የሚሰጥ መብራት በ20 ሰከንድ 20 ጁል ይሰጣል። ወደ 400 የወረደ መብራት በዚያው ጊዜ የሚሰጠው 8 ብቻ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የመብራቱ ጫፍ ከወለሉ ብዙ ሚሊሜትር ይርቃል፤ ጥቁር ያለ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። በሁለቱም ጊዜ ሰከንድ ጨምሩ። በአንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ከማብራት ይልቅ በመሐል አየር እየነፋችሁ ከፋፍላችሁ አብሩ፤ ሙቀቱ የጥርሱን ነርቭ እንዳይጎዳ። ብርቱካናማውን መከላከያ መነጽር አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ግላስ አዮኖመርን በልኩ ቀላቅሉ

ግላስ አዮኖመር ላይ የመብራቱን ቦታ የሚይዘው የእጃችሁ ልክ ነው። የዱቄቱን ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት ነቅንቁት። ማንኪያውን ሙሉና ትርፉን በጠርሙሱ አፍ ላይ ጠርጋችሁ አስተካክሉት። የፈሳሹን ጠርሙስ መጀመሪያ በአግድም ያዙና አረፋው እንዲወጣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ዝቅዝቅ ያዙት። አረፋ ያለበት ጠብታ ሙሉ ጠብታ አይደለም።

ዱቄቱን ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ከፈሳሹ ጋር በ10 ሰከንድ ገደማ አዋህዱ፣ ቀሪውን ጨምሩና በ15 ሰከንድ ገደማ ጨርሱ። «ትንሽ ከረረ» ብሎ ፈሳሽ መጨመር በጣም የተለመደ ልማድ ነው። ማቴሪያሉን ያዳክመዋል፣ በምራቅም በቀላሉ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ሲያልቅ ገጹ ማብረቅ አለበት። የሚያብረቀርቅ ሳለ ሙሉት። ማብረቁ ከጠፋ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር የሚጣበቀው አሲድ አልቋል ማለት ነው። ጣሉትና እንደገና ቀላቅሉ። ሠመራ ወይም ጋምቤላ በመሰለ ሞቃት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ጊዜው ያጥርባችኋል። መስታወቱን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ፣ ጤዛ ሳይኖርበት ቀላቅሉበት።

ከሞላ በኋላ ቫዝሊን ወይም ቫርኒሽ ቀቡት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውሃ ሲገባበት ይላላል፣ ሲደርቅበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ይህን ማቴሪያል የሚጠቀመው፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራው ኤ አር ቲ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 አስተዋወቀው። ኤሌክትሪክ ለሌለበት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አማራጭ ማሰብ ይከብደኛል።

ደረጃ 8፦ አዛምዱ

ትንሽ ልጅ፣ አንድ ገጽ ላይ ያለ ቀዳዳ፣ ምራቁን መቆጣጠር የማይቻል ከሆነ ግላስ አዮኖመር። የፊት ጥርስ ከተሸረፈ ኮምፖዚት። ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው፣ ሦስት ገጽ የተበላ መንጋጋ ካለው በሙሌት አትታገሉ። ጥርሱን የሚሸፍን ክራውን አስቡ። ማድረቅ የማይቻልበት ድድ ስር የገባ ጠርዝ ላይ ኮምፖዚት አታድርጉ፤ እርጥበት ባለበት አይጣበቅም።

አማልጋም እርጥበትን ከኮምፖዚት በተሻለ ይታገሣል፤ ለረጅም ጊዜም ያገለግላል። ይሁንና ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እንዲቀንስ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከልክሎታል። ስለዚህ የኮምፖዚትና የግላስ አዮኖመር ሥራችሁን ማሳመር የግድ ነው።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ፣ ጥርሱ በፍሎራይድ የበለዘ ታካሚ ሲገጥማችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ፍሎራይድ የበዛበት የላይኛው ኢናሜል አሲድን ይቋቋማል። ማጣበቂያው እንዲይዝ ኢናሜሉን ለማሻከር በተለመደው 15 ሰከንድ የሚቀባው አሲድ በቂ ሸካራነት ላይሰጥ ይችላል። የላዩን ስስ ሽፋን በጥቂቱ ፍቁ፣ የአሲዱንም ጊዜ ጨምሩ። ታጥቦ ሲደርቅ ኢናሜሉ እንደ ኖራ የነጣ መልክ ካላሳየ ማጣበቂያ አትቀቡ።

ደረጃ 9፦ ታካሚውን ከማሰናበት በፊት

አማልጋም በመጀመሪያው ሰዓት የሙሉ ጥንካሬውን ከፊል ብቻ ነው የሚይዘው። በዚያ በኩል ለ24 ሰዓት ጠንካራ ነገር እንዳይነክስ ንገሩት። ግላስ አዮኖመር ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ምንም አይብላ፤ ቀኑን ሙሉም ለስለስ ያለ ነገር ይብላ። ኮምፖዚት ወዲያው ይነከስበታል፤ ንክሻው ከፍ ብሎ ከተሰማው ግን ሳይቆይ እንዲመለስ አድርጉ። ካርዱ ላይ የማቴሪያሉን ስም፣ የባች ቁጥሩን፣ ስንት ሰከንድ እንደበራና የመጨረሻውን የመብራት ፍተሻ ውጤት ጻፉ። ሙሌቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢወድቅ፣ ማቴሪያሉ ይሁን አሠራሩ የሚለየው በዚህ ነው።